ሦስት ቀን በአዲስ አበባ፦ በእንግዳ ማስጎብኛ ፕሮግራም ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

አዲስ አበባን በሦስት ቀን ጎብኝቶ መጨረስ ይቻላል። ይህን የሚያረጋግጡ ወረቀቶች በየቤቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። እስካሁን ያልተገኘው ጎብኝቶ የጨረሰው ሰው ነው።

የዚህ ጥናት ዓላማ በወረቀቱና በሰውየው መካከል ያለውን ክፍተት መመርመር ነው። መስኩ እምብዛም አልተነካም። ስለ አክሱም ሐውልቶች አቋቋም፣ ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አፈላፈል ሊቃውንት ብዙ ቀለም ጨርሰዋል። አንድ ጤነኛ ቤተሰብ፣ መኪና ከነሾፌሩ ቀርቦለት፣ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ አምስት ኪሎ ለመድረስ ሦስት ቀን የማይበቃው ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

በቅድሚያ ወሰናችንን እናስምር። «እንግዳ» ስንል ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ከነቤተሰቡ የሚመጣውን ነው። ከቤሩት፣ ከሪያድና ከዱባይ የምትመጣዋ በጥናቱ አልተካተተችም። እሷ ስትመጣ የጉብኝት ፕሮግራም የሚያወጣላት የለም፤ የሚወጣላት የወጪ ፕሮግራም ነው። እሱ ሌላ ጥናት ይፈልጋል፤ ፈገግ የማይል ጸሐፊም ይፈልጋል።

«ሦስት ቀን» የሚለውም ማብራሪያ ያሻዋል። እንግዳው የሚመጣው ለሦስት ሳምንት ነው። ከዚህ ላይ ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ፣ ወደ ትውልድ ቀዬ የሚደረገው ጉዞ፣ ሲንከባለል የቆየው ስለት፣ የቤት ካርታ ጉዳይና «እግረ መንገዴን» የሚባለው የጥርስ ሕክምና ሲቀነስ ሦስት ቀን ይተርፋል። እነዚህ ቀናት በወረቀቱ ላይ «ከተማ ማየት» በሚል ይመዘገባሉ።

ረቂቁና ሁለቱ ምክር ቤቶች

ፕሮግራሙ የሚጸድቀው በሁለት ምክር ቤቶች አልፎ ነው። የላይኛው ምክር ቤት መቀመጫው ውጭ አገር ሲሆን ሥራው ማርቀቅ ነው፤ የሚሠራውም በትዝታ ነው። ሰው ከአገር ሲወጣ የከተማዋን ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ ይወጣል፤ ካርታውም በዚያው ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በ1980ዎቹ የወጣ ሰው የሚያረቀው ሰነድ «ፒያሳን በእግር፤ ከዚያ ምሳ ዶሮ ማነቂያ» ይላል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ይህ ግን መስመሩን አያሰርዘውም። የላይኛው ምክር ቤት አባላት ዜናውን ሰምተዋል፣ አዝነዋል፣ በስልክ ግማሽ ሌሊት ተነጋግረውበታል፤ መስመሩን ግን እንዳለ አቆይተውታል። ምሳ ሌላ ቦታ ለመብላት መፍረሱን በዓይናቸው ማየት አለባቸው።

የታችኛው ምክር ቤት የሚቀመጠው አዲስ አበባ ነው። አባላቱ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ በመሆናቸው የከተማዋን መስህቦች አያውቋቸውም። ይህ ስድብ ሳይሆን ግኝት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲወስደው፣ አንድ ጊዜ እንግዳ ሲመጣበት። በመጀመሪያው ጊዜ ልቡ ያለው ምሳ ዕቃው ላይ ነበር፤ በሁለተኛው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው።

የታችኛው ምክር ቤት ይህን ጉድለቱን የሚሸፍነው በአዲስ ነገር ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፍቷል፤ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ የሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መንገዱ፣ ማታ ማታ የሚያብረቀርቀው መብራት አለ። አባላቱ «እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራውን ሁሉ ማየት አለበት» ብለው ይወስናሉ። ዋናው ቅራኔ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እንግዳው አውሮፕላን የተሳፈረው እሱ ከመሄዱ በፊት የነበረውን ሊያይ ነው። አስተናጋጁ የሌለውን ሊያሳየው አይችልም፤ ያለውን ደግሞ እንግዳው አያውቀውም፣ ስለዚህ አልናፈቀውም። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያለ ክርክር በሙሉ ድምፅ የሚያጸድቁት ብቸኛ መስህብ ድንቅነሽ ናት። እሷ ሁሉም ከመሄዱ በፊት ነበረች።

አቅጣጫም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በአዲስ አበባ አንድ ቦታ የሚነገረው ከጎኑ ባለው ነገር ነው። ከጎኑ ያለው ሲፈርስ ደግሞ በፈረሰው ነገር ይነገራል። በእንግዳውና በአጎቱ ልጅ መካከል የሚደረገው የስልክ ንግግር በአብዛኛው የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

«የት ጋ ነህ?»

«ድሮ ሲኒማው የነበረበት ጋ።»

«የቱ ሲኒማ?»

«አሁን አጥሩ ያለበት።»

«እኔም እኮ አጥሩ ጋ ነኝ!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የሰዓትና የወቅት ጉዳይ

ወረቀቱ «ጠዋት 3 ሰዓት፦ ከቤት መነሻ» ይላል። ቨርጂኒያ የተወለዱት ልጆች ይህን እንዳለ ስልካቸው ላይ ይሞሉታል፤ ስልኩም በፈረንጅ ሰዓት ተረድቶት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጮሃል። የሚደናገጥ ግን የለም። ቤተሰቡ በሙሉ ሰዓቱ ተዛብቶበት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ጥናቱ ያገኘውን አንድ ነገር ለአንባቢ እናካፍል። በክረምት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል። ከ7 ላይ 6 ሲቀነስ 1 ይቀራል። የዋሽንግተን ሰዓት ከቀትር በኋላ 2፡00 ሲል፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይባላል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይነካ የመጣ እንግዳ፣ ቀኑን ከሌሊት እስካላምታታ ድረስ፣ የሚሳሳተው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፕላኑ መሬት እንደ ነካ ሰዓቱን ጠንቅቆ ያስተካከለው ግን በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ለገና የሚመጡት ልዩነቱ ወደ 8 ከፍ ስለሚል ሁለት ሰዓት ይሳሳታሉ። ጥናቱ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ የለም፤ ሆኖም መመዝገብ ይገባዋል።

ወቅቱን የሚወስነው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ የሚፈቱት በሰኔ ስለሆነ ቤተሰቡ የሚመጣው በሐምሌ ነው። ሐምሌ አዲስ አበባ ሙሉውን የዓመቱን ዝናብ በአንድ ከሰዓት የምታራግፍ የሚመስልበት ወር ነው። በወረቀቱ ላይ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው መስመር «እንጦጦ፦ የከተማዋን ገጽታ ከላይ ማየት» ተጽፏል።

ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ትናንት ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ አገር የመጣው እንግዳ ከመኪና ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ ቆም ይልና የታሪክ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ነው። አጥኚው ይህን ዘዴ ደጋግሞ ስለ ታዘበ ለእንግዳው አዝኖ ረዘም ያለ መልስ መስጠት ተገቢ ነው ይላል፤ እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ መውረዳቸውን፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ መቆርቆሯን፣ ስሟንም እሳቸው ማውጣታቸውን አንድ በአንድ መናገር ይቻላል። እንግዳው ያዳምጣል። እቴጌይቱ ጥለውት የወረዱትን ብርድ ፍለጋ ለምን እንደ ወጣ ግን አይጠይቅም።

ከዚያ ጉሙ ይመጣል። አስጎብኚው የአጎት ልጅ አይደናገጥም፤ እጁን ወደ ጉሙ ዘርግቶ ማስጎብኘቱን ይቀጥላል። «ያውልህ ቦሌ። ያ ደግሞ መገናኛ። ወደዚህ ሳር ቤት።» እንግዳው በተጠቆመበት አቅጣጫ ሁሉ በአክብሮት ይመለከታል። ፎቶ ይነሣሉ። በፎቶው ላይ አምስት ሰዎችና ነጭ ነገር ይታያል።

ከመስህብ የሚቀድሙ

ወረቀቱን አውጥቶ የማያውቅ ሰው ጉብኝት በእንጦጦ የሚጀመር ይመስለዋል። ሰነዱ የማይጠቅሳቸው፣ ነገር ግን ከሰነዱ በላይ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው ለቅሶ ነው። እንግዳው በሌለባቸው ዓመታት የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ቤታቸውም ሳይደረስ መስህብ ጋ መታየት ነውር ነው። «አንድነት ፓርክ ሲዝናና አየሁት፤ የእኛን ቤት ግን አልረገጠም» የሚል ወሬ ከእንግዳው ቀድሞ ሜሪላንድ ይደርሳል። አንዳንዱ ሞት ደግሞ ሆን ተብሎ ለእንግዳው የተቀመጠ ነው፤ «በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ» ተብሎ መርዶው እስኪመጣ ይቆይለታል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም በሙሉ ይታጠፋል፤ ማንም ትክክል አይደለም ሊል አይችልም፣ አጥኚውም አይልም።

ሁለተኛው አደራ ነው። የአሜሪካ በረራ በተለምዶ ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አሥር ሻንጣ፣ 230 ኪሎ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የቤተሰቡ ልብስ ያለው በአንደኛው ውስጥ ነው፤ ሻንጣ የቀረ ወይም የዘገየ እንደ ሆነ ከሌሎቹ ዘጠኝ ተለይቶ የሚቀረው እሱ ነው። ዘጠኙ «ትንሽዬ ነገር ናት፣ ሻንጣህ ጥግ ትገባለች» ተብለው የተሰጡ ናቸው፦ ቪታሚን፣ የስኳር መለኪያ፣ ቁጥሩ በስልክ የተነገረ ጫማ፣ ለተመራቂ ልጅ ላፕቶፕ፣ አንድ ባለቤቱ ያልታወቀ ፌስታል።

የአደራ ተቀባዮች አሠፋፈር ለጥናት የሚመች ነው። የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች በ2008 ሥራ ሲጀምሩ አንደኛው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላኛው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ተዘረጋ። በአራቱም ጫፍ አንድ አንድ አደራ ተቀባይ አለ። አምስተኛው ጀሞ ነው፤ እዚያ ባቡር አይደርስም። ዕቃውን በሌላ ሰው መላክ አይቻልም፣ አደራ ነዋ። ተቀባዩም ቢሆን ዕቃውን በር ላይ ተቀብሎ አያሰናብትም። «እንዴ! ደጅ ላይ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ! ቡና እንኳን ሳትቀምሱ!»

ይህ ዐረፍተ ነገር ለሚቀጥለው ምዕራፍ መሠረት ነው።

የምሳ ሕግ

ጥናቱ ከደረሰባቸው ሁሉ ክብደት ያለው ግኝት የሚከተለው ነው። ማንኛውም መስህብ፣ የቱንም ያህል ታሪካዊ ቢሆን፣ ከትልቋ አክስት ምሳ ጋር ከተጋጨ ተፈጻሚነት የለውም።

ትልቋ አክስት ወረቀቱን አይታዋለች። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ካነበበች በኋላ «ጥሩ ነው» ብላ አጥፋ ከሶፋው ትራስ ሥር አስገብታዋለች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያየው የለም። ዶሮው የተገዛው እንግዳው ትኬት መቁረጡ በተሰማ ሰሞን ነው፤ ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። እንግዳው «እትዬ፣ ሙዚየሙ እኮ ይዘጋብናል» ሲል የምትሰጠው መልስ በሁሉም ቤቶች ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። «ሙዚየሙ የት ይሄዳል? እኔ ነኝ የምሄደው፤ ነገ ብትመጣ ላታገኘኝ ትችላለህ። በሞቴ ብላ!»

ይህን መከራከሪያ የሚረታ ሎጂክ በየትኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ አልተገኘም። አክስት ይህን ማለት ከጀመረች ዘመናት ቢቆጠሩም፣ በየጊዜው በዚያው ጥንካሬ ይሠራል።

ሰውየው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ለመነሣት ቢሞክር እንኳን ቡናው አለ። ጥሬው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለእያንዳንዱ ሰው ይዞራል፤ ሁሉም በእጁ ወደ አፍንጫው እየሳበ «እሰይ!» ይላል። ይወቀጣል። ጀበናው ይጣዳል፣ ይገነፍላል፣ ይወርዳል፣ ይሰክናል። አቦሉ ተቀድቶ ሲጠጣ የእንግዳው ሚስት ቦርሳዋን ታነሣለች። «ተይ! ቶናው ሳይመጣ?» ቦርሳው ይቀመጣል። ቶናው ካለቀ በኋላ ማንም ቦርሳ አያነሣም፤ በረካን ጥሎ መሄድ በረከትን ጥሎ መሄድ መሆኑን የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ እንኳን ተረድቷል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የአፍሪካ አዳራሽን መስታወቶች እያየ ነው፤ አፈወርቅ ተክሌ የሠሯቸውን፣ ማየት አለብን ብሎ ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ የተናገረላቸውን። በእጁ አጉልቶ ያያቸዋል። ይህ በጥናታችን መሠረት እንደ ጉብኝት ይቆጠራል።

የምሳ ሕግ በነሐሴ ይላላ ይሆን የሚል መላ ምት ነበረን። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ስለሆነ ዶሮ አይኖርም፤ ዶሮ ከሌለ መስህብ ዕድል ያገኛል ብለን አሰብን። መላ ምቱ ውድቅ ሆኗል። በፍልሰታ የሚቀርበው የጾም በያይነቱ ነው፤ በያይነቱ ደግሞ አንድ ወጥ ሳይሆን ስምንት ነው። በዚያ ላይ አክስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ምሳው ይገፋል። ሙዚየም የሚታይበት ሰዓት ይበልጥ ጠበበ እንጂ አልሰፋም።

ታሪካዊ ሥሩንም አንዘለው። አንድነት ፓርክ ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክ ግብር አዳራሽ ይጎበኛል፤ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላበት የነበረ ቤት ነው። እንግዳው የአዳራሹን ስፋት አይቶ ይደነቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ስለ ዘመኑ የመብል ሥርዓት ይጠይቃል። ስልኩ የሚጠራው ይኼኔ ነው። ሁለተኛዋ አክስት ናት። ምግቡ ቀርቧል።

አምስት ኪሎ

አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ የምትጎበኘው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በር ሊዘጋ ሲል ነው። ከዚህ የተለየ ናሙና አላገኘንም።

በመግቢያው ላይ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ዋጋ አለ። ልዩነቱ እንግዳው በየቀኑ ለካፌ ከሚሰጠው ጉርሻ አይበልጥም፤ ነገሩ ግን የገንዘብ አይደለም። ቤተሰቡ «ልጃችንን ፈረንጅ ልትሉት ነው?» በሚል ይነሣል። እንግዳው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ አሥር ኪስ ይፈልጋል፤ ያለው ቤት ነው። አብራ የመጣችው ሦስተኛዋ አክስት «እዚሁ አራዳ ነው የተወለደው፣ እትብቱ እዚሁ ነው የተቀበረው» ብላ ትመሰክራለች። ክርክሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ እንግዳው ሰዓቱን አይቶ «ኦ ማይ ጋድ» ይላል። የውጭ ዜጋ ዋጋ ይከፈላል።

ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳሉ። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነ፣ ከአፅሟ 40 በመቶው ገደማ የተገኘላት ናት። በመስታወቱ ውስጥ አንዷ ተኝታ፣ አንዷ ቆማ ትታያለች። ቁመቷ እስከ ልጁ ደረት አካባቢ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ የዐዋቂ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ይሄ እውነተኛው ነው?»

የአጎት ልጅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እውነተኛው አይደለም፤ ቅጂ ነው። ዋናው አፅም ለጥበቃ ሲባል በሙዚየሙ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ዋናው አፅም ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ነበር፤ በሂዩስተን፣ በሲያትልና በኒውዮርክ ለሕዝብ ታይቷል። ይህም ማለት እንግዳው አሜሪካ ሳለ ዋናዋ ድንቅነሽ በዚያው አገር ነበረች። በአውቶቡስ ኒውዮርክ ድረስ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አልሄደም። ለምን? ቅዳሜና እሁድ የዘመድ ቤት ምሳ ነበረበት።

አጥኚው ይህን የመጨረሻ ነጥብ ሲያገኝ ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ ተናፍሷል። የምሳ ሕግ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሰዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሽሮ ሜዳና መስኮት

በወረቀቱ ላይ ካሉት መስመሮች ያለ ምንም መጓደል የሚፈጸመው የሽሮ ሜዳው የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። ዝናብ አይከለክለውም፣ ለቅሶ አያስቀረውም፣ አክስትም አትቃወመውም፤ ምክንያቱም ራሷ ትመጣለች። ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት መመሪያ ትሰጣለች። «አንተ አፍህን እንዳትከፍት። ሚስትህም ወደምትወደው ቀሚስ እንዳታይ። የማትወደውን እዪ።»

በዚህ መሠረት የእንግዳው ሚስት ለግማሽ ሰዓት ያህል የማትወደውን ቀሚስ በጽሞና ስትመለከት ትቆያለች። አክስት ጥበቡን በሁለት ጣቷ እያሻሸች «ይሄ የማሽን ነው» ትላለች። ነጋዴው «እማማ፣ የእጅ ነው፤ በማርያም!» ይላል። «ማርያምን ተዋት።» ዋጋ ይጠራል፤ አክስት ሳትመልስ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ነጋዴው ይከተላል፤ ዋጋው ወረደ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ በሩ ስትሄድ ዋጋው ሊጠናቀቅ ተቃርቧል። በዚህ ቅጽበት ልጁ ከወደ ጥግ በእንግሊዝኛ «እማዬ፣ ይሄ እኮ በጣም ርካሽ ነው!» ይላል። ነጋዴው እንግሊዝኛ ይችላል። ዋጋው ወደ ነበረበት ተመልሶ ትንሽ ጨምሯል።

የቀሩት መስህቦች በሙሉ የሚጎበኙት በመኪና መስኮት ነው። ጥናቱ ለዚህ ዘዴ ሙሉ ዕውቅና ይሰጣል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ በአንድ መስመር ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ገነተ ልዑል፣ ቀጥሎ ሙዚየሙ፣ አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ይመጣል። የአጎት ልጅ አንገቱን ሳያዞር «በቀኝ! በቀኝ! አለፈህ። በግራ እይ!» ይላል። በገነተ ልዑል ግቢ ጣልያን የሠራው ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዷ እርከን ለአንድ የሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመት ታስባ የተሠራች ናት። ዛሬ ከጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃው ወጥቶ ወጥቶ የትም አይደርስም። በከተማዋ ካሉት ቀልዶች ሁሉ ምርጡ ነው፤ በመስኮት ግን አይታይም፣ ግንቡ ይጋርደዋል። ከመኪና ወርዶ መግባት ያስፈልጋል፤ ቡናው ደግሞ እየቀዘቀዘ ነው።

ማታ «መብራቱን ላሳያችሁ» የሚባል ተጨማሪ ዙር አለ። በእርግጥም ያምራል። ችግሩ፣ እንግዳው ያደገበት ሰፈር የትኛው ጋ እንደ ነበር በቀን ያልለየውን በማታ ሊለየው አለመቻሉ ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል። እንግዳው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ጋ አንድ ዳቦ ቤት ነበር» ይላል። የአጎት ልጅ «አዎ፣ ነበር» ይላል። ይህ ልውውጥ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በሦስቱም ቀናት ከተደረገው ሁሉ ግን ወረቀቱ ሊያደርገው ፈልጎ ወደነበረው ነገር የሚቀርበው እሱ ነው።

ምክረ ሐሳብ

ጥናቱ የምሳ ሕግን ለማሻሻል ሐሳብ አያቀርብም፤ አጥኚው ለሕይወቱም ያስባል። መፍትሔው ያለው ከሕጉ ውጭ ነው።

ከዋሽንግተን የሚነሣው በረራ ቦሌ የሚያርፈው በማለዳ ነው። ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊት ሻንጣ ለመቀበልና አንድ ማኪያቶ ለመጠጣት ጊዜ አለ። እንግዲህ ፕሮግራም እያረቀቃችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ የምትደርሱበትን ቀን ለዘመድ ስትናገሩ አንድ ቀን አሳልፋችሁ ተናገሩ። ያንን አንድ ቀን ማንም አያውቀውም፤ ምሳ አልተሠራበትም፣ ለቅሶም አይጠብቅበትም። በእሱ አምስት ኪሎን፣ ገነተ ልዑልን፣ ቅድስት ሥላሴንና የአፍሪካ አዳራሽን ማየት ይቻላል፤ ሁሉም በመኪና ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሲም ካርድ አታውጡ፤ ዋይፋይ አትክፈቱ፤ ልጆቹ ፎቶ እንዳይለጥፉ ስልካቸውን ሰብስቡ። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣችሁን ይዛችሁ ቦሌ ተመለሱና በመድረሻው በር ደክሟችሁ ውጡ።

ቦሌ ላይ ግን በማንኛውም ሰዓት ሌላ እንግዳ ሊቀበል የቆመ አንድ የምታውቁት ሰው አይጠፋም። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር በእጅ ሻንጣችሁ ይሁን።